መካሪው ከሄደ በኋላ

ደብረ ሲና ላይ ሻይ ሊጠጣ የቆመ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚያወርደውን ቁልቁለት ገና የማያውቅ የጭነት መኪና ሾፌር አንድ ምክር ሳይቀበል አይነሣም። «ብትወጣው በምትወጣበት ማርሽ ውረደው» ይሉታል። ምክሩ ትክክል ነው። ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሸዋ ሮቢት 225 ገደማ። በመካከል ያለው አጭር መንገድ ከደጋው ጉም ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ቆላ ይወርዳል። ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ብረት እያጋለ ነው የሚወርደው፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ እምቢ የሚለው በጣም በተፈለገበት ሰዓት ነው። ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ከማድረግ የተሻለ መላ የለም።

ግን ምክሩ ቀዳዳ አለው። የሚሰጠው ዳገቱን ወጥቶት ለማያውቅ ሰው ነው። በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣው ቢያውቅማ ቁልቁለቱንም ባወቀው ነበር። አንዳንዱ መካሪ ይህን ሳያስተውል ቃሉን ጥሎ ወደ ሻዩ ይመለሳል። ሌላው ጥቂት ይጨምራል፤ «ፍሬን የሚያቃጥለው ደጋግሞ መርገጥ ነው። ቶሎ ቶሎ ለመርገጥ ከተገደድክ ማርሹ በዝቷል ማለት ነው፤ መኪናው ሳያይልብህ ቀንስ» ይላል። ይህ ሁለተኛው ሰው የሰጠው ነገር ለአንድ ቁልቁለት ብቻ የሚያገለግል ትእዛዝ አይደለም፤ ሾፌሩ ነገ ዓባይ በረሃ ሲወርድም አብሮት ይወርዳል። ሁለቱም መካሪዎች ቸር ናቸው። ሁለቱም ያለ ክፍያ ተናገሩ፣ ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ልዩነታቸው የሚታየው ሾፌሩ ብቻውን ከቀረ በኋላ ነው።

ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ ምክር ሁሉ ጠባዩ ይኸው ነው፤ መካሪው ውጤቱን አያይም። ለወንድሜ ልጅ ይህን ስልክ ግዛ ብዬው ስልኩ በስድስት ወሩ ቢሞት፣ በየበዓሉ ማዕድ ላይ ይነሣብኛል። ለመንገደኛ የነገርኩት ግን ከመንገደኛው ጋር ሄዶ ይቀራል። ቢሆንለት ምስጋናው አይደርሰኝም፤ ቢጠፋበትም እርግማኑን አልሰማም። ታዲያ እንዲህ ያለ መካሪ በምን ይያዛል? ሽማግሌ አይዘው፣ ዳኛ አይዘው። እኔ እንደሚመስለኝ የሚያዘው በምክሩ አሠራር ነው። እንደሚሄድ ያውቃል፤ ስለዚህ ምክሩን ያለ እሱ መቆም እንዲችል አድርጎ የመሥራት ግዴታ አለበት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ወረድ ስንል ግን የዘመኑ ደግነታችን ብዙው ክፍል በዚህ ሚዛን ቀልሎ እናገኘዋለን።

ሸዋ ሮቢት ይህን ለማሰብ የተመቸ ከተማ ነው። በሮቢ ወንዝ አጠገብ፣ በደሴ መንገድ ላይ የተተከለ፣ ከደጋ የወረደን ሰው ካፖርቱን የሚያስወልቅ፤ መንገድ ዳሩ ማንጎና ፓፓያ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም። ከአውቶቡስ ወርዶ ምሳ የሚበላ አለ፤ ሽንኩርት ሊጭን መጥቶ የሚያድር ነጋዴ አለ፤ ማሾ የሚያሰባስብ አለ፤ ማረሚያ ቤት ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ ከሩቅ የመጣ አለ። ከምሥራቅ የአፋር አርብቶ አደር ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይመጣል፤ ከተራራው የአርጎባ ነጋዴ ይወርዳል። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ ደግሞ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ተቀላቅሎ ይውላል። መንገድ ዳር ከቆመው ሰው መካከል የአገሩ ልጅ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ዓይን አይበቃም። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የቀደመውን የሸዋ ሱልጣኔት ጠቅልሎ ይፋትን ሲያቆም፣ ጉልበቱ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ ነበር። የዚያ ዘመን ከተማ የነበረችው የኖራ ፍርስራሽ ዛሬም ከሸዋ ሮቢት ብዙ ሳይርቅ አለ። እንግዳ በዚህ ቆላ ሳያልፍ የቀረበት ዘመን የለም ማለት ይቻላል።

እንግዳም ሁልጊዜ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በአልዩ አምባ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ሲወጣ ከጓዙ ጋር ሐኪም ነበረው፤ መድኃኒት ፈላጊውም ከብቦ መቆሚያ አሳጣቸው። ከሩቅ የመጣ ሰው አዋቂ ነው የሚለው ግምት እስካሁን አልሞተም። ከአዲስ አበባ መጣሁ ያለ ወጣት ስለ ስልክ፣ ስለ ሶላር፣ ስለ ፓስፖርት ይጠየቃል፤ ከዐረብ አገር የተመለሰችዋ ስለ ባንክ። ግምቱ ደስ ያሰኛል፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። በበኩሌ፣ ከክፋት ከተሰጠው መጥፎ ምክር ይልቅ «ይህንን አላውቀውም» ማለት አፍሮ የተሰጠው ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

«ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የምንለው ተረት አለን። በቤት ውስጥ የተወለደ ተረት ይመስለኛል፤ አባት ለልጁ፣ ታላቅ ለታናሹ። ደጋግሞ መምከር የሚቻለው አብሮ ለሚኖር ሰው ነውና። ተረቱ ሁለት ነገር ሳያነሣ ያልፋል። አንደኛ፣ መካሪው ትክክል መሆኑን ከመጀመሪያው ጨርሶታል። ሁለተኛ፣ እምቢ ብሎ መከራ የመከረውን ሰው ያነሣል እንጂ እሺ ብሎ የከሰረውን አያነሣውም። በዘመድ መካከል ይህ ብዙ አይጎዳም፤ እሺ ብሎ የከሰረ የወንድም ልጅ ቢያንስ ተመልሶ ይጮኻል፣ አጎቱም ከፍሎ ይታረቃል። መንገደኛ እሺ ብሎ ሲከስር ግን ወደ ማን ይጮኻል? ደግሞም መንገደኛን መቆጣት አይቻልም፤ «ነግሬህ ነበር» የሚባልበት ዕለት አይመጣም። ዘመድን ለመምከር የሚረዳን ሥልጣን ሁሉ እዚህ አይሠራም፤ የሚቀረው የነገሩ እውነትነትና የተነገረበት መንገድ ነው።

ይህን የተነገረበትን መንገድ በሕግ ያስቀመጠ ሰው ለማግኘት ከሸዋ ሮቢት ወደ ምሥራቅ ጥቂት መውረድ ይበቃል። የአፋሮች ዳጉ የታወቀ ነው። ሁለት ሰዎች በረሃ ላይ ሲገናኙ፣ ቢተዋወቁም ባይተዋወቁም፣ ዝም ብለው አይተላለፉም። ከየት መጣህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ውኃ አለ ወይ፣ ገበያው እንዴት ዋለ፣ ጠብ የተነሣበት አገር አለ ወይ፣ መንገድ ላይ ማንን አየህ ይባባላሉ። መጠየቅም መመለስም ግዴታ ነው። ብዙ ጊዜ ዳጉን «የአፋር ሬዲዮ» እያልን በፍጥነቱ ብቻ እናደንቀዋለን። እኔን የሚገርመኝ ፍጥነቱ አይደለም። ተናጋሪው ያየውንና የሰማውን ለይቶ የመናገር ግዴታ አለበት፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይናገራል። ሐሰት የነዛ ሰው ደግሞ በጎሣው ይጠየቃል።

ያየኸውን ከሰማኸው ለይ የሚለው ሕግ ለአድማጩ የሚሰጠው ነገር ትልቅ ነው። «ከዚያ ማዶ ሣር አለ» የተባለ እረኛ የሚያደርገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ማመን ወይም አለማመን። «ከሦስት ቀን በፊት አይቼዋለሁ፤ የእገሌ ጎሣ ግመሎች ወደዚያው ሲሄዱ ነበር» የተባለ እረኛ ግን ራሱ ያሰላል። ሦስት ቀን፣ ይህን ያህል ግመል፣ እስክደርስ አንድ ቀን ተኩል፤ ሣሩ አልቆ ይሆናል። ተናጋሪው አትሂድ አላለውም፣ ሂድም አላለውም። ይልቁንም ፍርዱን ከነማስረጃው አስረከበው። ዳጉን ወደ ሰማይ ልሰቅለው አልፈልግም፤ የሚሠራው ከእያንዳንዱ ሰው በስተኋላ ጎሣ ስላለ፣ በረሃ ላይ የተገኘ ሰው በእውነቱ ማንነቱ የማይታወቅ ስላልሆነ ጭምር ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያ የምናገኘው ሰው ጎሣው አይታወቅም። ቢሆንም ያየሁትን ከሰማሁት ለይቶ መናገር ጎሣ አይጠይቅም።

ይህ ትምህርት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይፋት ያወቀው በክፉ ቀን ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ አሮጊቱን ደግፎ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ወጣ። ከዚያም ወዲህ በዚህ መስመር ላይ መንገዱ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሾፌር ከሾፌር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ አለ። አንዱ «ሰላም ነው፣ ምንም የለም፣ አይዞህ» የሚል ነው። ይህ መልስ ከደግ ልብ የሚወጣ ነው፤ የፈራን ሰው ማጽናናት ባህላችን ነውና። ሌላው «ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ከአጣዬ ወጥቼ አልፌያለሁ፤ ያየሁት ነገር የለም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም» ይላል። ሁለተኛው ደረቅ ነው፣ አያጽናናም። ነገር ግን አድማጩ አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል። ማጽናኛና ምክር በአንድ አፍ ሲወጡ እየተመሳሰሉ ስንቱን እንዳሳሳቱ ቢቆጠር ጥሩ ነበር። የተጨነቀን መንገደኛ ማጽናናት ከፈለግን ውኃ እንስጠው፤ ስለ መንገዱ ያየነውን ብቻ እንንገረው።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ፤ የዛሬው ዘመን «እስቲ አሳየኝ» ብዙው እዚያ ላይ ነውና። በስልክ ብር የሚላክበትና የሚከፈልበት ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲገዛ ሲደረግ፣ በስልኩ ከመደወል በቀር ሌላ ያልሠራበት ሰው ሁሉ ማደያ ላይ ቆሞ አስተማሪ ፈለገ። አዛውንቶችም ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ወይም ከዐረብ አገር የላኩላቸውን ብር በስልካቸው ማየት ጀመሩ። ማየት ነው ያልኩት፤ ለማውጣት ሰው ያስፈልጋል።

ትዕይንቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዲት እናት ስልካቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ እስቲ ይህን ላክልኝ፤ ዓይኔ አያይም» ይላሉ። ወጣቱ በትሕትና ይቀበላል። «ሚስጥር ቁጥርዎ ስንት ነው እናቴ?» ወረፋው እየሰማ ይነግሩታል። በፍጥነት ይነካካል፣ ይልካል፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይመልሳል። ይመርቁታል፤ «ኧረ ምንም አይደል» ብሎ ያልፋል። አንድ ሳንቲም አልነካም። ወላጆቹ ቢያዩት ይኮሩበታል።

ሌባም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስልክ ይቀበላል፣ ቁጥር ይጠይቃል፣ በፍጥነት ይነካካል፣ በሁለት እጁ ይመልሳል። ልዩነቱ ያለው በወጣቱ ልብ ውስጥ ነው፤ እናትየው ደግሞ ልብ ማየት አይችሉም። የሚያዩት ትሕትናውን ነው፤ ትሕትናም ሌባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ነገር ነው። እንግዲህ ያ ደግ ወጣት በዚያች ደቂቃ ሁለት ሥራ ሠርቷል። ብሩን ላከ፤ እግረ መንገዱን ደግሞ ስልክና ሚስጥር ቁጥር ለትሑት ወጣት አሳልፎ መስጠት ችግር እንደማያመጣ አስተማረ። የሚቀጥለው ትሑት ወጣት የተጠረገ መንገድ ያገኛል። ባንክ ማሽን አጠገብ ቆሞ «ላግዝዎት» የሚለው፣ ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚለው፣ ሁሉም የሚያጭዱት ደጋግ ሰዎች የዘሩትን ነው። ይህን ስል ደጋጎችን ማስከፋቴን አውቃለሁ። ነገር ግን የምክር ጥሩነት በመካሪው ንጽሕና ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ የማያውቁትን ሰው መጠየቅ ዕጣ መጣል በሆነ ነበር።

ሌላው አሠራር ያዘገማል። እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ ስልኩን አለመቀበል ነው። «እናቴ፣ በእጅዎ ይያዙት። እዚህ ላይ ኮከብ፣ 127፣ መሰላል ይጫኑ። አሁን የሚመጣውን እኔ አነብልዎታለሁ፤ እርስዎ ይጫኑ። አሁን ፊቴን አዞራለሁ፤ ቁጥርዎን ይጻፉ፤ ለእኔም ለማንም እንዳይነግሩ።» ፊደል ያልቆጠሩ ብዙ ሰዎች አኃዝ ያውቃሉ፤ ገበያና የብር ኖት አስተምሯቸዋል። ወረፋው ያጉረመርማል፤ እናትየውም መጀመሪያ ሊቀየሙ ይችላሉ፤ ስልክ አልቀበልም ማለት ንቀት ይመስላልና። ግን ወጣቱ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ነገር ከእሳቸው ጋር ነው። ከዚህም ላይ ምክንያቱን ቢጨምር፣ ማለትም ይህ ቁጥር የሣጥናቸው ቁልፍ መሆኑን፣ የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ የሚል እንኳ ሊጠይቃቸው እንደማይገባ ቢነግራቸው፣ ነገ ለሚደወለው ሌባ የሚሆን መልስ ዛሬ ሰጣቸው ማለት ነው። ምናሌውን በቅደም ተከተል ብቻ ያስጠናቸው ሰው ደግሞ ምናሌው የተቀየረ ዕለት እንደ መጀመሪያው የደብረ ሲና መካሪ ይሆናል። መተግበሪያውን ብቻ ያሳየውም እንዲሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መውጫ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በአጭር ቁጥሩ ያለ ኢንተርኔት መላክ እንደሚቻል የነገረው ሰው ያላገኘ ተጠቃሚ ብሩን ስልኩ ውስጥ ቆልፎ ተቀመጠ።

የሽንኩርት ማሳ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ መካሪው ሻጭም ነውና። ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ በደረቅና በሞቃት ወቅት ይራባል፤ የሸዋ ሮቢት በጋ ደግሞ ለእሱ ሠርግ ነው። ቅጠሉን እየፋቀ ያነጣዋል፤ ራሱ ግን በመሐለኛው ቅጠል እጥፋት ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር የተረጨው ፈሳሽ ቶሎ አያገኘውም። ገበሬው የነጣ ቅጠል ይዞ ሱቅ ይሄዳል፤ ሻጩ መደርደሪያውን ያያል፣ «ይህንን ርጭ» ይላል። አልሠራ ሲል ሌላ ሱቅ ይሄዳል፣ ሌላ ጠርሙስ ይሰጠዋል። ስሙ ሌላ፣ ሥዕሉ ሌላ፤ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው። ተባዩ አንዱን መድኃኒት ደጋግሞ ሲቀምስ ይለምደዋል፤ ገበሬው ደግሞ መጠን ይጨምራል፣ ሁለት ሦስቱን ይደባልቃል፣ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ ጀርባው ላይ አዝሎ ይረጫል።

ሻጩ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። የጎደለው ጥያቄ ነው። ባለፈው ሳምንት ምን ረጨህ? ጠርሙሱን ይዘኸዋል? መቼ ነው የምታወጣው? የመጨረሻው ጥያቄ ራሱን ገበሬውን ብቻ አይመለከትም፤ ከተረጨ በስንተኛው ቀን ተነቅሎ ገበያ እንደሚወጣ የሚነካው አዲስ አበባ ላይ ወጥ የምትሠራዋን ሴት ነው። እሷ ለሻጩ የማያውቀው ሰው የማያውቀው ሰው ናት። በይፋት ሙስሊሞች ዘንድ ምክር የተጠየቀ ሰው አማና እንደተቀበለ ይቆጠራል፤ ከነቢዩ ሐዲስ የወረደ ትምህርት ነው። አማና ተቀባይ ለራሱ የሚጠቅመውን አይመርጥም። ይህ ሱቅ ውስጥ ሲገባ ከባድ ፈተና ነው፤ «አሁን መርጨት አያስፈልግህም፤ ውኃ ሳትነፍገው ጥቂት ጠብቅ» ብሎ ደንበኛን ባዶ እጁን የሚመልስ ነጋዴ የዕለቱን ገቢ ይከፍላል። እንዲህ ያሉ አሉ። ሱቃቸው ግን ሁልጊዜ ትልቁ ሱቅ አይደለም።

መንግሥትም ይህን ክፍተት ለመሙላት የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማራ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028ን ከፈተ፤ ገበሬው በነጻ ደውሎ ቁጥር እየተጫነ ስለ ሰብሉ የተቀዳ ምክር በቋንቋው ይሰማል። ይህን ሥራ አከብራለሁ። ድምፁ አይደክምም፣ አይቆጣም፣ የሚሸጠው ጠርሙስ የለውም፤ ሌሊትም ይመልሳል። የጎደለው ያው የሻጩ ጉድለት ነው፤ መልሶ አይጠይቅም። የአንተ ማሳ ከወንዙ በየት በኩል ነው፣ የውኃ ተራህ መቼ ነው፣ ባለፈው ዓመት ምን ዘርተህበት ነበር አይልም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ትጠይቃለች፤ ግን ከላይ የተሰጣት ዕቅድ አለባት፤ ይህን ያህል ማዳበሪያ፣ ይህን ያህል ሄክታር በመስመር። ዕቅድ ያለበት መካሪና ትርፍ ያለበት መካሪ የሚገናኙበት ቦታ እንዳለ ገበሬው ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ «እሺ» ብሎ ሸኝቶ የራሱን የሚያደርገው ስለዚህ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውም ስልካችን ውስጥ ገብቷል፤ በአማርኛም ይመልሳል፣ ሲሻው እየተኮላተፈ። በደብረ ሲናው ሚዛን ስናየው ጎበዝ ነው፤ ፍሬን ለምን እንደሚግል ብትጠይቀው ከነምክንያቱ ያስረዳል፣ ሳይሰለች ይደግማል። በዳጉ ሚዛን ግን ይወድቃል። ያየው ነገር የለም፤ የሰማውን ደግሞ ከሁሉም ስለሰማ ከማን እንደሰማ በእርግጥ አይነግርህም። ስለ ፍሬን ልጠይቀው እችላለሁ። አጣዬ ላይ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብዬ ግን አልጠይቀውም፤ ለዚያ ጧት ያለፈው ሾፌር ይሻለኛል፤ ምንም ቢኮላተፍ።

እስካሁን ያልኩትን የሚያናጋ አንድ ሰው አለ፤ መማር የማይፈልገው። «ልጄ፣ ምክንያቱን ተወው፤ አድርግልኝ» የሚል። ይህን ሰው ሰነፍ ማለት ይቀናናል፤ ስህተት ነው። የ75 ዓመት ሽማግሌ በቀሩት ዘመናት ምን መማር እንዳለባቸው የመምረጥ መብት የራሳቸው ነው፤ የስልክ ምናሌ ከመካከሉ ላይገባ ይችላል። እኔ ሐኪም ቤት ስሄድ የመድኃኒቱን ቅመም አልማርም። ስለዚህ ራሱን ችሎ የሚቆም ምክር ለሁሉ አይሆንም፤ ምክር የማይፈልግ፣ የሚፈልገው እጅ የሆነ ሰው አለ።

ለእንዲህ ያለው ሰው አሮጌ መልስ ነበረን፤ ዛሬም አልጠፋም። በፍርድ ቤትና በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ። የማያውቁት ሰው ነው፤ ሆኖም ለሚስት እንኳ የማይነገር ነገር ይነገረዋል፤ የወንድም ክህደት፣ የመሬት ወሰን፣ የልጅ አባት ማንነት። ደኅናው ጸሐፊ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ መቼ ነው፣ ማን አይቷል፣ ምን ወረቀት አለህ። ጽፎ ሲጨርስ አንብቦ ያሰማል፣ ከዚያ ያስፈርማል። ለሥራው ይከፈለዋል፤ ይህም ጥሩ ነው፤ ውለታ አይቆጠርም። ከሁሉ በላይ ግን ነገ ጧት እዚያው ደጃፍ ይገኛል። ያበላሸ እንደሆነ ባለጉዳዩ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ፊቱ ይቆማል። ጸሐፊውን ከመንገደኛው ረዳት የሚለየው ዕውቀቱ አይደለም፤ ወንበሩ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ያለው ደጉ ሳምራዊም ይህን ያወቀ ይመስለኛል። ስለ እሱ ሲሰበክ የሚነገረው ቁስሉን ማሰሩ ነው፤ ዘይቱና ወይኑ። እኔ የሚስበኝ በማግሥቱ ያደረገው ነው። መንገደኛ ነው፤ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ሰውየውን ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አስረከበው፤ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ከዚያ በላይ ያወጣኸውን ስመለስ እከፍልሃለሁ አለ። በሽተኛውን በራስህ ተነሥ አላለውም፤ ራሱም እዚያ ልቀመጥ አላለም፤ ለሚቀመጥ ሰው ሰጠው።

እንዲህ ከሆነ ስልካቸውን ለዘረጉት እናት፣ መማር ካልፈለጉ፣ ከሁሉ የሚሻለው ምክር ይህ ሊሆን ይችላል፤ «እናቴ፣ እኔ አላፊ ነኝ። የወኪሉ ሱቅ እዚያ ማዶ ነው፤ ስሙን ያውቁታል፣ ነገም ያገኙታል፤ ለእሱ እንኳ ቢሆን ቁጥሩን ራስዎ ይጻፉ እንጂ አይንገሩት።» እርዳታ አልሰጠሁም ብሎ የሚያፍርበት የለም። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው ሊመልሱ ይችላሉ፤ «እሱማ ጎረቤቴ ነው ልጄ፤ ዛሬ ጁምዓ ሄዶ ዘግቷል። ልጅቷ ደግሞ ዝዋይ ላይ መኪና ጠብቃ ቆማለች፤ አሁን ካልላክሁላት ታድራለች።» ያን ጊዜ ስልኩን ባለመቀበል ጸንቶ፣ እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ኮከቧ የት እንዳለች ከማሳየት መጀመር ነው፤ ወረፋውም የፈለገውን ያህል ያጉረምርም።